30 ሺ ብር ይዘህ የአደን ባይኖኩላር ለምትፈልገው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ፣ መልሱ ስለሚረዝም ታገሰኝ። ሌላውም አንባቢ እንዲገባው የጠየከውን ባጭሩ ልድገመው። ጅማ ነህ፣ ቤተሰቦችህ ገራ በኩል የጫካ ቡና አላቸው፣ ዘንድሮ በጋ ፈቃድ ካለው የአደን ድርጅት ጋር በእንስሳ ፈላጊነት ልትወጣ ነው፣ ባይኖኩላር የራስህን ይዘህ ና ተብለሃል። እጅህ ላይ 30 ሺ ብር አለ። መርካቶ አንድ ልጅ 20 በ50 የሚል አዲስ እቃ በ9 ሺ አሳይቶሃል፣ ሌላ ሰው ደሞ ያገለገለ 10 በ42 በ22 ሺ እሸጥልሃለው ብሎሃል፣ አንተ ደሞ የአይን መነጽር ታደርጋለህ። እና "የትኛው ነው ሩቅ የሚያሳየው?" ብለሃል።

እኔ ማይክሮስኮፕና የቅየሳ መሳሪያ ስጠግን 20 አመት አልፎኛል፣ ባይኖኩላር የተበላሸበት ሰውም ወደኔ ነው የሚያመጣው፣ ሶስት በጋ ደሞ እንዳንተው በፈላጊነት ወጥቻለው። ስለዚ እቃውን ከውስጡም ከውጪውም አውቀዋለው ማለት እችላለው። ሩቅ ማሳየት የሚለውን ለጊዜው እርሳው። አንተ ማወቅ ያለብህ ጠዋት 12 ሰአት ተኩል ላይ ጥላ ስር የቆመው እንስሳ ወንድ ነው ሴት፣ ቀንድ አለው የለውም የሚለውን የትኛው እቃ በእርግጠኝነት እንደሚነግርህ ነው። ደጋው ላይ ያለው የምኒልክ ድኩላ ወንዱ ሲጎለምስ ጥቁር ማለት ይቻላል፣ ሴቷ ቀላ ያለች ናት ቀንድም የላትም፣ ግን ገና ያልጎለመሰ ወንድ ጥላ ውስጥ ሲቆም ሴት ይመስላል፣ አንተ ተሳስተህ ከጠቆምክ ደሞ ጥይቱ አይመለስም። ስራህ እሱ ነው። እዛ ላይ የሚረዳህ ብርሃንና የማይንቀጠቀጥ ምስል ነው፣ የጉልበት ቁጥር አይደለም።

ቁጥሮቹን ላስረዳህ። 8 በ42 ሲል 8 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት ደሞ 42 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። 200 ሜትር ላይ ያለ እንስሳ በ8 ስታየው 25 ሜትር ላይ እንዳለ ይሆንልሃል፣ በ10 ደሞ 20 ሜትር ላይ እንዳለ። ልዩነቱ አምስት ሜትር ነች። አሁን 42ን ለ8 አካፍለው፣ 5.25 ይመጣል። ይሄ ቁጥር ከአይን በኩል የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ነው በሚሊ ሜትር፣ ባይኖኩላሩን ክንድህን ዘርግተህ ወደ ብሩህ ሰማይ (ወደ ፀሐይ በፍጹም!) ብትይዘው የአይን ሌንሱ መሃል ላይ ነጭ ክብ ሆኖ ታየዋለህ። የሰው አይን ብሌን ቀን ላይ 2 ወይ 3 ሚሊ ትሆናለች፣ ሲጨልም ግን ትሰፋለች፣ ወጣት ከሆንክ እስከ 7 ሚሊ ድረስ ልትደርስ ትችላለች፣ እድሜ ሲገፋ ደሞ እንደዛ አትሰፋም። ስለዚ ንጋት ላይ ብሌንህ 5 ሚሊ ከፍታ ባይኖኩላሩ የሚሰጣት 2.5 ብቻ ከሆነ ብሌንህ በከንቱ ነው የሰፋችው። 20 በ50 የሚሰጥህ ያቺን 2.5 ነው። ከ8 በ42 ጋር በስፋት ስታወዳድረው ከአራት እጥፍ በላይ ብርሃን ነው የምታጣው። ቀትር ላይ ሱቅ በር ቆመህ ስትሞክረው አይታወቅህም፣ ልጁም ያሳየህ በዛ ሰአት ነው መቼስ።

ሁለተኛው መንቀጥቀጥ ነው። ባይኖኩላር እንስሳውን ብቻ አይደለም የሚያጎላው፣ የእጅህን መንቀጥቀጥ፣ የልብህን ምት፣ ዳገት ወጥተህ ያለከለከውን ትንፋሽ ሁሉ በዛው እጥፍ ነው የሚያጎላው። አንድ ነገር ላጫውትህ። በለጠ ጫካ ዳር፣ ከሸቤ በላይ፣ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር እንስሳ ልናይ ወጥተን ነበር፣ አደን አልነበረም ለማየት ብቻ። እሱ 12 በ50 ይዟል፣ እኔ አሮጌዋን 8 በ42 ይዣለው። ጭጋጉ ገና ከቡናው ላይ አልተነሳም፣ ወደ 150 ሜትር ግድም ሰሳ ዛፍ ስር አንድ ጠቆር ያለ ነገር ቆሟል። እሱ ቶሎ ብሎ "ሴት ነች" አለ። ገና ዳገቱን ስለወጣን ባይኖኩላሩ እጁ ላይ ሲርገበገብ ይታየኛል። እኔ የግራ ትከሻዬን ዛፍ ላይ አስደግፌ ክርኔን ደረቴ ላይ ለጥፌ አየሁት። መጀመሪያ ጉሮሮው ላይ ያለው ነጭ ነጥብ ታየኝ፣ ቀጥሎ ጆሮው ዝንብ ሊያባርር ዞር ሲል ከጆሮው ጀርባ አውራ ጣት የምታክል ቀንድ ብቅ አለች፣ ጫፏ ብቻ ብርሃን ይዛ። ወንድ ነው፣ ገና ጎረምሳ። ባይኖኩላሩን ለጓደኛዬ ሰጠሁትና እሱም አየ። የሱ እቃ ከኔ በጣም ውድ ነበር፣ መጥፎ እቃ አልነበረም፣ በትራይፖድ (ባለ ሶስት እግር መቆሚያ) ቢሆን ከኔ የበለጠ ያሳየው ነበር። ግን ትራይፖድ ይዞ በቡና መሃል የሚሄድ ፈላጊ የለም።

ስለዚ በእጅ ለሚያዝ 8 ወይ 10 በቃ። ከ10 በላይ ያለው መደገፊያ ለሌለው ሰው ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ በሙሉ አፌ እነግርሃለው። በ8 እና በ10 መሃል ደሞ ቦታው ይወስናል። ጫካና ቁጥቋጦ ውስጥ ከሆነ 8፣ ምክንያቱም የሚያየው ስፋት ትልቅ ነው። አንድ ዲግሪ ማለት 1000 ሜትር ላይ 17.5 ሜትር ነው፣ ደህና 8 በ42 ወደ 7.5 ዲግሪ ያያል፣ ይሄ 1000 ሜትር ላይ 131 ሜትር ስፋት ነው፣ 10 በ42 ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 6.5 ዲግሪ ነው፣ 105 ወይ 113 ሜትር በለው። 20 በ50 ግን 3 ዲግሪ ግድም ስለሆነ 100 ሜትር ላይ 5 ሜትር ብቻ ነው የምታየው። ጫካ ውስጥ እንስሳው አንድ እርምጃ ሲራመድ ከምስሉ ይወጣል፣ እሱን መልሰህ እስክታገኘው ሄዷል። ሜዳና ገደል ማዶ ለማዶ የምታይበት ክፍት አገር ከሆነ የምትወጣው 10 በ42 ይሻልሃል፣ 4.2 ሚሊ ክብ ስለሚሰጥ ለንጋትም አያሳፍርም። ቆላ ላይ ግን አንድ ነገር አስብ፣ ከረፋዱ 4 ሰአት በኋላ መሬቱ ሲግል አየሩ እንደ ውሃ ይንቦገቦጋል፣ ያኔ ጉልበት በጨመርክ ቁጥር የምታጎላው መንቦግቦጉን ነው።

የአውሮፓ አዳኞች 8 በ56 የሚባል ትልቅ ይይዛሉ፣ ኢንተርኔት ላይ ካየህ እንዳትቀና። እነሱ ጋ ወገግታው ረጅም ነው፣ ፀሐይ ገብታም ብዙ ይቆያል። እኛ ጋ ፀሐይ ከገባች በኋላ ሃያ ደቂቃ ግድም ነው ያለህ፣ ከዛ ድርግም ነው። ለሃያ ደቂቃ ብለህ ከአንድ ኪሎ በላይ አንገትህ ላይ ሙሉ ቀን መሸከም አያስፈልግም።

አሁን ወደዛ የመርካቶ 20 በ50 ልመለስ። እቃው ላይ የተጻፈው ቁጥር ራሱ እውነት ላይሆን ይችላል። እኔ ጋ የመጣ ተመሳሳይ ነገር ነበር፣ የብርሃኑን ክብ በማስመሪያ ስለካው 4 ሚሊ ግድም ሆነ፣ 50ን ለ4 ስታካፍል 12 ከምናምን ነው፣ እንግዲህ 20ው የት ሄደ? አንዳንዱ ላይ 60 በ60፣ 90 በ90 ምናምን ተብሎ ይጻፋል፣ እንደዛ አይነት በእጅ የሚያዝ ባይኖኩላር የለም፣ 90 ሚሊ ሌንስ እኮ የሻይ ማንኪያ ማስቀመጫ ሰሃን የሚያክል ነው። አንተም ማስመሪያ ይዘህ ሂድና ለካ፣ ለመለካት ማንም አይከለክልህም። ሌላው ደሞ የፊት ሌንሱ እንደ ሩቢ ቀይ የሚያብረቀርቀው ነው። ለአይን ይማርካል፣ ግን ቀይ ሆኖ የሚታይህ ወደ አይንህ መግባት ሲገባው ተንጸባርቆ የተመለሰው ቀይ ብርሃን ነው፣ ውስጡ ስታይ ሁሉ ነገር ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ይወስድሃል። ቀላ ያለች ሴት ድኩላና ቡናማ ቅጠል በሱ መለየት አትችልም። ጥሩ ኮቲንግ (መስታወቱ ላይ የሚቀባው ስስ ሽፋን) ያለው ሌንስ ሲያዘነብሉት ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይ ወይንጠጅ ነው የሚያሳይ፣ ጨለም ያለ፣ ፊትህ በደንብ አይታይበትም።

ኮቲንግ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ገንዘብህ የሚሄደው እዚ ላይ ነው። ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት በገባ ወይ በወጣ ቁጥር ኮቲንግ ከሌለው 4 ፐርሰንት ግድም ይመለሳል። ባይኖኩላር ውስጥ እንደዚ አይነት ገጽ ቢያንስ አስር አስራ ሁለት አለ። 12 ገጽ ብትል ያለ ኮቲንግ ከገባው ብርሃን 61 ፐርሰንቱ ብቻ ነው አይንህ ጋ የሚደርሰው። በደህና ባለብዙ ንብርብር ኮቲንግ በየገጹ ግማሽ ፐርሰንት ብቻ ቢጠፋ ደሞ 94 ፐርሰንት ይደርሳል። ለዛ ነው ሁለት 8 በ42 ጎን ለጎን አድርገህ አንዱ ገና ሲመሽ ጭልም የሚልብህ ሌላው ግን የሚያሳይህ። ካርቶኑ ላይ "ፉሊ መልቲ ኮትድ" የሚል ፈልግ፣ "ኮትድ" ብቻ ወይ "መልቲ ኮትድ" ብቻ ካለ የተወሰኑ ገጾች ላይ ብቻ ነው ያለው ማለት ነው። ፕሪዝሙን (ውስጥ ያለውን ብርሃኑን የሚያዞር መስታወት) ደሞ ከዛው የብርሃን ክብ ታውቀዋለህ፣ ክቡ ሙሉ ክብ ከሆነ ጥሩው ቢኤኬ4 የሚባለው መስታወት ነው፣ ጠርዙ ተቆርጦ አራት ማዕዘን የሚመስል ግራጫ ጥላ ካለው ርካሹ ቢኬ7 ነው። ቀጥ ያለ ቱቦ ያላቸው ዘመናዊዎቹ (ሩፍ ፕሪዝም የሚባሉት) ደሞ ፌዝ ኮቲንግ የሚባል ተጨማሪ ነገር ያስፈልጋቸዋል፣ የፕሪዝሙ ቅርጽ ብርሃኑን ለሁለት ከፍሎ መልሶ ሲያገናኘው እኩል ስለማይገጥም ምስሉ ልስልስ ይላል፣ ኮቲንጉ ያንን ያስተካክላል። ትከሻቸው ሰፋ ያለው የድሮዎቹ አይነት (ፖሮ የሚባሉት) ይሄ ችግር ከመሰረቱ የለባቸውም፣ ለዛ ነው በትንሽ ገንዘብ ጥርት ያለ ምስል የሚሰጡት፣ ጉዳታቸው ክብደታቸውና ብዙዎቹ ውሃ የማይችሉ መሆናቸው ነው።

ውሃ ያልኩት ለኛ ቀልድ አይደለም። ጅማ በአመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚዘንብባት አገር ነች፣ ክረምት ላይ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ጫማ እንኳን ይሻግታል፣ ሌንስስ? እኔ ጋ ከሚመጡት ባይኖኩላሮች የሚበዛው ችግሩ መሰበር አይደለም፣ ፈንገስ ነው። አንድ ቀን አንድ አባት ልጃቸው ከውጭ የላከላቸውን ይዘው መጡ፣ "ጉም ገባበት" ብለው። ከቆዳ ቦርሳው ሳወጣው ገና ሽታው ይነግርሃል። ከፊት በኩል የስልክ መብራት አስገብቼ ሳይ ፕሪዝሙ ላይ ነጭ ክር እንደ ሸረሪት ድር ከጠርዝ ወደ መሃል ተዘርግቷል፣ ከፈትኩት፣ በጥንቃቄ አጠብኩት፣ ክሩ ለቀቀ፣ ግን ከስሩ ኮቲንጉን በልቶት ስለነበረ ቅርንጫፉ ልክ በመርፌ የተጫረ መስሎ መስታወቱ ላይ ቀረ። በጣም ነው ያዘንኩት፣ እቃው ሶስት ክረምት ብቻ ነው ያየው፣ እሳቸው ደሞ ከልባቸው ነው የያዙት፣ ቆዳው ቦርሳ ይጠብቀዋል ብለው እዛው ውስጥ ቆልፈው አስቀምጠውት ነው እንጂ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ፈንገስ የሚወደው ደሞ ጨለማ፣ እርጥበትና የቆመ አየር ነው።

ስለዚ ያንተ እቃ ውሃ የማያስገባና ናይትሮጅን (ወይ አርጎን) የሚባል ደረቅ ጋዝ የተሞላ መሆን አለበት፣ እዚ ላይ ድርድር የለም። ናይትሮጅኑ ደረቅ ስለሆነ ከድንኳን ሙቀት ወደ ንጋት ብርድ ስትወጣ ውስጡ ጤዛ አይቋጥርም። ውጪው ሊደበዝዝ ይችላል፣ እሱን ትጠርገዋለህ ወይ ትንሽ ትጠብቀዋለህ፣ ውስጡ ከደበዘዘ ግን ማለዳህ አለቀ። "ወተር ሬዚስታንት" የሚለውና "ወተርፕሩፍ" የሚለው አንድ አይደለም፣ የመጀመሪያው ካፊያ ይችላል ለማለት ነው።

የአይን መነጽርህን በተመለከተ፣ ይሄን ብዙ ሰው ሳያስብበት ገዝቶ ይቆጨዋል። የአይን ሌንሱ ከአይንህ ምን ያህል ርቆ ሙሉ ምስል ይሰጥሃል የሚል ልክ አለ፣ አይ ሪሊፍ ይሉታል፣ መነጽር ለሚያደርግ ሰው ቢያንስ 15 ሚሊ፣ ቢቻል 17 እና ከዛ በላይ ይሁን። ከዛ ካነሰ ምስሉ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ጠርዙ ይጠቁርብሃል። ስትሞክር የአይን ጎማውን ወደ ውስጥ አዙረህ ዝጋው፣ መነጽርህን እንዳደረክ እይ፣ ዙሪያውን ጥርት ያለ ጥቁር ክብ ጠርዝ ካየህ ሙሉውን እያየህ ነው። ጎማው የማይዞር የማይታጠፍ ከሆነ ተወው።

አሁን ያገለገለው 10 በ42። በ22 ሺ መጥፎ ላይሆን ይችላል፣ ሳታየው ግን ሳንቲም አትስጥ። እኔም ራሴ በጀማሪነቴ ያገለገለ ገዝቼ ውጪው አዲስ የመሰለ፣ ግን ወድቆ የነበረ፣ አስር ደቂቃ ካየሁበት ግንባሬን ይወጋኝ ነበር፣ ሁለቱ ቱቦዎች አንድ ቦታ አያዩም፣ አይኔ ነው በጉልበት ሲያገጣጥማቸው የነበረው። ይሄን እንዴት ታውቃለህ መሰለህ፣ ራቅ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ ጫፍ ወይ የመብራት ሽቦ እይና ቀስ እያልክ ባይኖኩላሩን ከአይንህ አርቀው፣ ምስሉ ለሁለት ክብ ሲከፈል መስመሩ ግራም ቀኝም እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። አንዱ ጋ ከፍ አንዱ ጋ ዝቅ ካለ ወድቋል ማለት ነው። ከዛ ገልብጠህ ከፊት በኩል የስልክ መብራት እያበራህ ውስጡን እይ፣ ትንሽ አቧራ ችግር የለውም፣ ክር፣ ጉም፣ ዘይት የመሰለ ነገር ካየህ ተወው። የፎከስ ማዞሪያውን ከጫፍ ጫፍ አዙር፣ አሸዋ ሲፈጭ የመሰለ ድምጽ መኖር የለበትም፣ መሃል ላይ ባዶ መዞርም የለበትም። ማጠፊያውን ክፈት ዝጋ አድርገው፣ ባስቀመጥክበት መቆም አለበት፣ ከላላ ሁልጊዜ ከአይንህ ስፋት እየወጣ ያናድድሃል። ፊትህ ጠባብ ከሆነ እስከ መጨረሻው ዘግተኸው አንድ ክብ ብቻ እንደሚታይህም አረጋግጥ።

ሙከራውን ደሞ ማታ አድርገው። ከተቻለ ጅሬን ውጡ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግስት ያለበት ጉብታ፣ ከ12 ሰአት ጀምሮ ከተማው ከስርህ ይታይሃል። እዛ ቆመህ ዛፍ ጥላ ስር ያለ ላም ፈልግና ቀንዷ ላይ አተኩር፣ እየጨለመ ሲሄድ እስከ ስንት ሰአት ድረስ ቀንዱን ከቅርንጫፍ እንደምትለየው ሰአትህን እያየህ ያዝ። ሌላ ባይኖኩላር ያለው ጓደኛ ካለህ ይምጣና አወዳድሩ። እዛ የምታገኘው መልስ እኔ እዚ ከምጽፍልህ ሁሉ ይበልጣል። ቀን ላይ ከሆነ የሚመችህ ቦዬ ረግረጉ ዳር ሂድ፣ ነጭ ወፍ በጥቁር ውሃ ላይ ስታይ ጠርዟ ላይ ወይንጠጅ ወይ አረንጓዴ ቀለም በጣም ከወጣባት መስታወቱ ደካማ ነው፣ ትንሽ ከሆነ ግን በዚ ዋጋ የሚጠበቅ ነው።

የ22 ሺው ይሄን ሁሉ ካለፈና የምትሰራበት ክፍት አገር ከሆነ ውሰደው። ካላለፈ አዲስ 8 በ42 ፈልግ። 30 ሺ ብርህ ምንዛሪው ቢለዋወጥም ወደ 200 ዶላር አካባቢ ነው፣ በዚ ክልል ውስጥ ውጪ አገር ደህና ደህና እቃ አለ። ኒኮን ፕሮስታፍ ፒ3 8 በ42 ከዚ በታች ነው፣ ናይትሮጅን የተሞላ፣ ቀላል፣ ለመነጽር አድራጊ በጣም የሚመች፣ ያንተን ሁኔታ ሳየው እኔ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው። ቮርቴክስ ዳይመንድባክ ኤችዲ 8 በ42 ትንሽ ከፍ ይላል፣ ምስሉ ጥሩ ነው፣ የእድሜ ልክ ዋስትና የሚለው ግን ለኛ እቃውን መልሶ ወደ ውጭ መላክ ስለሆነ ለዋስትናው ብለህ አትክፈል። ኒኮን ሞናርክ ኤም5 ከአቅምህ በላይ ነው፣ ያገለገለ ካገኘህ ግን እንዳያመልጥህ። ክብደት የማይከብድህ ከሆነ ኒኮን አክሽን ኢኤክስ 8 በ40 የሚባል ፖሮ አለ፣ ውሃ ይችላል፣ 8.2 ዲግሪ ያያል፣ ግን 855 ግራም ነው፣ ሌሎቹ 600 ግራም ግድም ናቸው። ሌይካ ስዋሮቭስኪ የሚሏቸውን ውድ እቃዎች አሁን አትስማ፣ በጣም ግሩም ናቸው፣ ግን ለዛ ጊዜ አለው።

አንዳንድ ቤት ደሞ በደርግ ጊዜ የመጣ የሶቪየት 8 በ30 ይገኛል፣ ሩሲያ ካዛን ከተማ የተሰራ። ይሄን እቃ እወደዋለው። ምስሉ ወደ ቢጫ ይላል፣ ውሃ ግን አይችልም፣ ቢሆንም ሰፊ ያያል፣ ተፈታቶ ይጸዳል፣ ብሎኑ ብሎን ነው። አጎትህ ቤት ካለ አምጣልኝ፣ አጽድቼ ለመለማመጃ ትይዘዋለህ። በበጋ ብቻ ከሆነ ስራህ እሱም ያሰራሃል።

ከውጭ ሰው እንዲያመጣልህ ካሰብክ አንድ ማስጠንቀቂያ። ባይኖኩላር ቦሌ ላይ የተያዘባቸው መንገደኞች አሉ፣ ያለ ፈቃድ የሚገባ እቃ ተደርጎ። ስለዚ ሰውየው ከመነሳቱ በፊት ከጉምሩክ ጠይቅ፣ ከምትሰራበት የአደን ድርጅትም ደብዳቤ አጽፍ፣ እነሱ ይሄን መንገድ ያውቁታል። አገር ውስጥም ስትንቀሳቀስ መታወቂያህንና የድርጅቱን ደብዳቤ አብረህ ያዝ፣ በማታውቀው ቀበሌ ባይኖኩላር አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ከመዞርህ በፊት የአካባቢውን ሰውና የደን ጥበቃዎችን አናግር። እና ቤተሰቦችህ ጋ ከርከሮ በቆሎ እያጠፋብን ነው፣ ባይኖኩላሩን ስትይዝ እግረ መንገድህን እዛም ታድንልናለህ ያሉህ ነገር፣ እባክህ እሱን አታድርገው። በሕግ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ አይታደንም፣ የወረዳ ግብርና ቢሮ ሄደው ያመልክቱ። አንተ አሁን የምትገባበት ስራ ስምህ ንጹህ መሆኑ ላይ ነው የቆመው።

ገዝተህ ከጨረስክ በኋላ መጀመሪያ ለአይንህ አስተካክለው፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳያደርግ "ደብዛዛ ነው" ብሎ ይመልሳል። የቀኙን ፊት በእጅህ ሸፍነህ በግራ አይንህ አንድ ጽሁፍ ላይ በመሃለኛው ማዞሪያ አጥራው፣ ከዛ የግራውን ሸፍነህ ያንኑ ጽሁፍ በቀኝ አይንህ እያየህ መሃለኛውን ሳትነካ ቀኝ አይን ጋ ያለችውን ዳዮፕተር የሚሏትን ቀለበት ብቻ አዙር። ጥርት ሲል ቦታዋን በነጭ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርግባት፣ ሰው ተቀብሎህ ቢያዞራት ወዲያው ትመልሳለህ። የሚመጣበትን ቀጭን ማንገቻ ጣለውና ሰፊ አድርግ ወይ በሁለት ትከሻ የሚታሰረውን የደረት ማንገቻ አሰፋ፣ እዚው ልብስ ሰፊ ጋ ይሰራልሃል፣ ስትጎነበስ ድንጋይ አይመታብህም።

ስታይ መጀመሪያ በባዶ አይንህ ሰፊውን እይ፣ ከዛ እንስሳው ላይ አይንህን ሳታነሳ ባይኖኩላሩን ወደ አይንህ አምጣው እንጂ ወደ ባይኖኩላሩ እንዳታጎነብስ። ጫካ ዳር ስትፈትሽ ሙሉ እንስሳ አትፈልግ፣ አግድም መስመር ፈልግ፣ ጫካ ውስጥ ሁሉም ቀጥ ብሎ የቆመ ስለሆነ አግድም የሆነ ነገር ወይ የወደቀ ግንድ ነው ወይ ጀርባ ነው። ጆሮ ሲንቀሳቀስ፣ አፍንጫ ላይ እርጥበት ሲያበራ፣ እግር በቅጠል መሃል ሲቀየር እሱን ነው የምትይዘው። አንድ ቁራጭ ቦታ ላይ ደቂቃ ቆይ፣ ከዛ ወደሚቀጥለው። እና የጠመንጃ ቴሌስኮፕ ለማየት አይወጣም! አዳኙ "ስኮፑ አለ፣ ባይኖኩላር ምን ያደርግልኛል" ካለህ በትህትና እንቢ በለው፣ በስኮፕ ያየኸው ነገር ላይ ሁሉ አፈሙዝ ዞሮበታል ማለት ነው፣ ቅጠል የምትሰበስብ እናት ልትሆን ትችላለች።

አያያዙን በተመለከተ፣ መስታወቱን በሸሚዝ ጫፍ አትጥረግ፣ ቀይ አፈራችን ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ኮቲንጉን ይጭረዋል። መጀመሪያ በንፋስ ወይ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አውጣ፣ ከዛ ለመነጽርህ በምትጠቀምበት ንጹህ ጨርቅ ክብ እያደረክ። ከዝናብ ስትመለስ ቦርሳ ውስጥ አትክተተው፣ ክዳኖቹን ከፍተህ አንድ ሌሊት አየር ያግኘው። ክረምቱን በሙሉ ደሞ ክዳኑ ጥብቅ የሚል ፕላስቲክ እቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጠው፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣዋ ትንሽ ከረጢት ነች፣ ጫማ ቤቶች ጋ ጠይቅ ይሰጡሃል፣ አምስት ስድስት አድርግ። ፍሬዎቹ እርጥበት ሲጠጡ ከከረጢቱ አውጥተህ ምጣድ ላይ በቀስታ እሳት አድርቀህ በንጹህ ጨርቅ ቋጥረህ መልሳቸው። በወር አንዴ ደሞ አውጣውና እይበት።

የ22 ሺውን ባለቤት ቅዳሜ አመሻሽ ጅሬን ላይ ቅጠረው። የስልክ መብራቱን ሰርተህ ውስጡ ክር የመሰለ ነገር ካየህ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ በዛው ሌሊት አይቼ እነግርሃለው፣ እስከዛ ድረስ ቀብድ እንዳትሰጥ።